ባክስ፦ የደመወዝ ቀን ባለውለታ

በብሪታንያ ደመወዝ በባንክ የሚከፈላቸው ሠራተኞች አብዛኞቹ ገንዘባቸው በምን በኩል እንደሚደርሳቸው አያስቡም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርሰው ባክስ ነው። ባንኮች እ.ኤ.አ. በ1968 በጋራ የመሠረቱት ይህ የክፍያ ማጣሪያ ሥርዓት፣ ከባንክ ባንክ ይዞር የነበረውን ወረቀት በኮምፒውተር መተካት ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድርጅቶች የክፍያ ዝርዝራቸውን በማግኔት ቴፕ ቀድተው ወደ ማዕከሉ ይልኩ ነበር።

አሠራሩ ሦስት የሥራ ቀናት ይፈጃል። በመጀመሪያው ቀን አሠሪው የሁሉንም ሠራተኞች ክፍያ በአንድ ፋይል ያስገባል፤ በሁለተኛው ክፍያው ተጣርቶ ለየባንኩ ይከፋፈላል፤ በሦስተኛው ከከፋዩ ሂሳብ ወጥቶ በዚያው ቀን ወደ ተከፋዩ ሂሳብ ይገባል። በስልክ በሰከንዶች ገንዘብ በሚላክበት በዚህ ዘመን ሦስት ቀን ብዙ ይመስላል። እኔ ግን እርጋታውን እወደዋለሁ። ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ከፋዩ ይዘጋጅበታል፤ ተቀባዩም ወጪውን ያቅድበታል።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው በዚሁ ሥርዓት ለሚሠራው ዳይሬክት ዴቢት፣ ማለትም ድርጅቶች በደንበኛው ፈቃድ ክፍያቸውን ከባንክ ሂሳቡ በቀጥታ ለሚቆርጡበት አሠራር፣ የተሰጠውን ዋስትና ነው። የመብራት ወይም የውሃ ሂሳብ በስህተት ከተቆረጠ ደንበኛው በቀጥታ ለራሱ ባንክ ያመለክታል፤ ባንኩም ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ፣ ወዲያውኑ የመመለስ ግዴታ አለበት። ሂሳቡን ማወራረድ ከዚያ በኋላ የተቋማቱ ፋንታ ነው። አቅም የሌለው ወገን እንዳይጉላላ ተደርጎ የተዘረጋ ሥርዓት ምስጋና ይገባዋል።