ታጥቦ የሚጠፋ ጽሕፈት

አንድ ከተማ በቦምብ ሲደመሰስ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ኦብሊተሬት» የሚል ግስ ይጠቀማሉ። ግሱ መጀመሪያ የጸሐፊዎች ነበር። በላቲን «ሊተራ» ፊደል ማለት ነው፤ ከእሱ የወጣው ግስም የተጻፈን ፊደል ሰርዞ ማጥፋት ማለት ነበር። ወደ እንግሊዝኛ ከገባ 400 ዓመት ያህል ሆኖታል። ቃሉ ዛሬ ጥፋትን ብቻ የሚያስታውስ ቢሆንም፣ ፊደል ማጥፋት የተከበረ የትምህርት ወግ የሆነበት አገር አለ።

ከአሶሳ በስተሰሜን፣ በበርታዎች አገር በሆሞሻ፣ እስልምናና የዐረብኛ ፊደል በአብዛኛው የገቡት ከሱዳን በመጡ ነጋዴዎችና መምህራን አማካይነት ነው። በዚህ የሱዳን ድንበር ግራና ቀኝ በኖረው የቁርኣን ቤት ልማድ የልጅ መጽሐፉ ሉህ ነው፤ ተልጎ የለሰለሰ ጣውላ። ሼሁ ይነግሩታል፤ ልጁ በመቃ ብዕር ይጽፋል፤ ከዚያ ጮክ ብሎ እየደጋገመ ይቀራል። በቃሉ ሲይዘው ሼሁ ፊት ቀርቦ ሰሌዳውን ሳያይ ይወጣዋል። ከተደናቀፈ ጽሕፈቱ ባለበት ይቆያል። ካልተደናቀፈ ግን እንዲያጥበው ይፈቀድለታል።

አስተጣጠቡም ወግ አለው። ልጁ ሰሌዳውን አዘንብሎ ውሃ ያፈስበታል፣ በመዳፉ ያሸዋል። ጥቁሩ ውሃ እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ጣውላው ነጭ አፈር ይቀባና ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ቀጣዩ አንቀጽ ይጻፍበታል። በሱዳን እጣቢውን «ሚሃያ» ይሉታል፤ ማጥፋት ከሚለው የዐረብኛ ግስ የወጣ ስም ነው። ለበሽተኛም ያጠጡታል። አብዱላሂ ዑስማን ኤል ቶም የተባሉ ሱዳናዊ አንትሮፖሎጂስት ይህንኑ በዳርፉር በርቲዎች ዘንድ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1985 አሳትመዋል። (በርቲዎች ስማቸው ቢቀራረብም ከበርታዎች የተለዩ ሕዝብ ናቸው።)

የሙያው ምስጢር ያለው ቀለሙ ውስጥ ነው። ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት በግራር ሙጫ ውሃ ይበጠበጣል። ጥላሸት በውሃ አይሟሟም፤ ጣውላው ላይ አጣብቆ የሚይዘው ሙጫው ነው፤ ሙጫው ደግሞ በውሃ ይለቃል። ሙጫው ከበዛ ፊደሉ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ካነሰ የልጁን እጅ ያጠቁራል። ሲታጠብ የሚለቅ፣ ሳይታጠብ የማይለቅ ቀለም ማዘጋጀት የዕድሜ ልክ ልምድ ይጠይቃል።

ብረት ያለበት ቀለም እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የተገለበጠ የአርኪሜዲስ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1229 ተፍቆ ጸሎት ተጽፎበት ነበር። ሃይበርግ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1906 የተፋቀውን ጽሑፍ ለየው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ በካሊፎርኒያ ያሉ ሳይንቲስቶች በብራናው ውስጥ የቀረውን ብረት በኤክስሬይ ተከትለው ዓይን ያላየውን አነበቡ። በእኛ አገር ቁም ጸሐፊ ዘንድም ስህተት በምላጭ ይፋቃል። መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ የቀድሞው ባለቤት ስም ከጸሎቱ መካከል ተፍቆ የአዲሱ ይገባል። ቅጠሉን ወደ ብርሃን ለያዘ ሰው የተፋቀው ቦታ ሳስቶ ይታያል።

ሉህ ላይ ይህ ሁሉ የለም። አንድ ጣውላ ስንቱን ልጅ እንዳስተማረ የሚመሰክር ፊደል አይቀርበትም፤ ትምህርቱ ያለው በልጆቹ ቃል ውስጥ ነው። ይህን «ሽምደዳ» ብሎ ማጣጣል ትክክል አይደለም። ልጁ ጽሑፉን የሚያጠፋው መያዙን ካስመሰከረ በኋላ ነው፤ ብዙ ፈተና ይህን ያህል አይጠይቅም።

ችግሩ ሙያው ራሱም እንደ ጽሑፉ ዱካ አለመተዉ ነው። የብራና መጻሕፍትን ከ1960ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም ያነሱልን ተቋማት አሉ፤ የቀለሙን ልክ ግን የሚያውቁት አዛውንት ሼሆች ናቸው። ሆሞሻ፣ መንጌ ወይም ኩርሙክ ዘመድ ያላችሁ፣ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አዘገጃጀቱን ጻፉ። በቤታችሁ ፊደል ያለበት አሮጌ ሉህ ካለም ሳይታጠብ ፎቶ አንሱት።