ልጣጩ፣ አተላውና በርሜሉ

ሻርዶኔ በተፈጥሮው መዓዛው ለዘብ ያለ የወይን ዝርያ ነው። ሙስካት ገና ከሐረጉ ሳይቆረጥ ያውዳል፤ ሻርዶኔ ግን ብዙውን ጠረኑን የሚያገኘው ከአየሩና ከጠማቂው እጅ ነው።

ውሳኔው የሚጀምረው በለቀማው ቀን ነው። ፍሬው በሐረጉ ላይ በቆየ ቁጥር ስኳሩ ይጨምራል፣ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል፤ ሙቀት ባለበት ደግሞ ይፋጠናል። በዝዋይ፣ ሻርዶኔ ከሜርሎ፣ ከሲራና ከካበርኔ ሶቪኞ ጋር በሚለማበት የካስቴል እርሻ፣ 1,600 ሜትር ገደማ የሚሆነው ከፍታ ሌሊቱን ስለሚያቀዘቅዘው ይህን ሩጫ በመጠኑ ይገታዋል።

ከተጨመቀ በኋላ መንገዱ ይለያያል። በፈረንሳይ ቡርጎኝ፣ የሻብሊ ጠማቂዎች በአብዛኛው ጭማቂውን በማይዝግ ብረት ታንከር ያፈሉታል፤ የሚወጣው ሎሚና ያልበሰለ ፖም የሚሸት፣ ጥርስ የሚያጠርስ ወይን ነው። እዚያው ቡርጎኝ ውስጥ በመርሶ ያው ሻርዶኔ 228 ሊትር በሚይዝ የኦክ በርሜል ይፈላል፣ ከአተላው ሳይለይ ለወራት ይቀመጣል፣ አልፎ አልፎም ይማሰላል። ጠላ ጠማቂ አተላን የምታውቀው በተራፊነቱ ነው፤ እዚህ ግን የሞተው እርሾ ለወይኑ ውፍረትና የዳቦ ጠረን ይሰጠዋል።

ብዙ ጊዜ በበርሜሉ የሚመካኘው የቅቤ ሽታ ከእንጨቱ አይመጣም። እርሾው ሥራውን ሲጨርስ ባክቴሪያ ተረክቦ ስለታሙን ማሊክ አሲድ እርጎ ውስጥ ወዳለው ለስላሳ ላክቲክ አሲድ ይለውጠዋል፤ በዚህ መሐል ዳያሴቲል የሚባል፣ ቅቤም ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ይፈጠራል። አተላው ይህንኑ መልሶ ስለሚያጠፋው፣ ቅቤ ቅቤ እንዲል የሚፈልግ ሰው ወይኑን ከአተላው ቀደም ብሎ ይገለብጠዋል። ጀማሪን የሚያስገርመው ሌላው ነገር፣ በርሜል ውስጥ የፈላ ወይን ከፈላ በኋላ በርሜል ከገባው ይልቅ እንጨት እንጨት አለማለቱ ነው፤ እርሾው የኦኩን ቫኒሊን ሽታው ወደ ደከመ ውህድ ይቀይረዋል።

በቀይ ወይን ዋናው ጥያቄ ልጣጩ ከጭማቂው ጋር ስንት ቀን ይቆይ የሚለው ነው። የአብዛኞቹ ቀይ ዝርያዎች ሥጋ ቀለም የለውም፤ በሻምፓኝ ከጥቁሩ ፒኖ ኗር ነጭ ወይን የሚወጣው ቶሎ ተጨምቆ ከልጣጩ ስለሚለይ ነው። ቀለሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይወጣል። ጠንካራ ሻይ እንደሚያደርገው አፍ የሚያደርቀው ታኒን ግን አልኮሉ ሲጨምር ከዘሩም ጭምር እየተፈታ ይቀጥላል። ስለዚህ ቶሎ የሚጠጣ ወይን የሚሻ በሳምንት ውስጥ ያጠለዋል፤ ለዓመታት የሚቆይ የሚሻ ሦስት ሳምንትም ያቆየዋል። ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ ወደ ላይ የሚገፋው ልጣጭ እንደ ክዳን ስለሚጋገር በቀን ደጋግሞ መድፈቅ ወይም ጭማቂውን በፓምፕ ከላይ ማፍሰስ ግድ ነው፤ ችላ ከተባለ ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል።

በፈረንሳይ ቦዦሌ ግን የቀይ ወይኑ ዘለላ ሳይፈጭ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሞላበት ጋን ይከተታል፤ ፍሬው ከውስጡ መፍላት ይጀምርና ታኒኑ ያነሰ፣ ሙዝና እንጆሪ የሚሸት ወይን ይወጣል።

ቀዩ ከተጠለለ በኋላ ልጣጩ ሲጨመቅ የሚወጣው ወይን የጠቆረና የከረረ ነው። ለብቻው ይቀመጣል፤ ዋናው ወይን ሲቀመስ ሳስቶ ከተገኘ ጥቂት ይጨመርበታል።