የተናጋሪዋ አሳብ፣ በሌላ ሰው አፍ

ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ሁለቱ የፓርላማ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ሣህለወርቅ ዘውዴን የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ። ያን ዕለት ሣህለወርቅ ለምክር ቤቶቹ ያሰሙት ንግግር፣ ስለ ሴቶች እኩልነት የተነገረን ነገር በራሱ ቃል ለሌላ ማስረዳት የሚፈልግን ሰው ክፉኛ ይፈትናል።

ሰላም ሲጠፋ ቀድመው የሚጎዱት ሴቶች ናቸው አሉ። ስለዚህም በሥራ ዘመናቸው ሴቶች ለሰላም ለሚያበረክቱት ድርሻና ከሰላም ለሚያገኙት ጥቅም ትኩረት እንደሚሰጡ ተናገሩ። ይህን የሚያሳጥር ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስቀረው «ሴቶች የጦርነት ሰለባ ናቸው» የሚለውን ብቻ ነው። ሐሰት አይደለም፤ ግን ተናጋሪዋ ጉዳቱን ያነሡት ወደ ድርሻቸው ለመሻገር ነበር። «ስለዚህ» ስትወድቅ ሙግቱ ይወድቃል፤ የሚቀረው ሐዘኔታ ነው።

መጠንም ይጠበቃል። ትኩረት እሰጣለሁ ያለ ሰው አረጋግጣለሁ አላለም። በሕገ መንግሥቱ ከፍተኛው የአስፈጻሚነት ሥልጣን የጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለሆነ፣ «ፕሬዚዳንቷ አዘዙ» ብሎ የሚያወራ ሰው ያልተነገረውን ብቻ ሳይሆን ሊነገር የማይችለውንም ጨምሯል።

ከሁሉ የሚከብደው ስለ ሴቶች አብዝቼ የተናገርኩ ከመሰላችሁ ገና መጀመሬ ነው ያሉበት ቦታ ነው። ቸኩሎ የሚያሳጥር ሰው «ስለ ሴቶች ብዙ ተናገሩ» ብሎ ያልፋል። እሳቸው ግን በዛ የሚለውን አድማጭ ቀድመው አግኝተው መልስ እየሰጡት ነበር። ስለዚህ በራስ ቃል ሲቀርብ የአድማጩ ቅሬታም መልሱም አብረው መኖር አለባቸው፤ አንዱ ቢጎድል አሳቡ ይገለበጣል።

ይህን ንግግር በሰሊጥ አብቃዩ ቆላ በአብደራፊ ማስረዳት ሌላ ፈተና አለው። የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ የቀን ሠራተኛ ከደጋ ወደዚህ ቆላ ይወርዳል። አረም ለምትነቅል ወይም ለሠራተኛው ምግብ ለምታበስል ሴት የሚያወራ ሰው «ፕሬዚዳንቷ እኩል ክፍያ ይገባሻል ብለዋል» ለማለት ልቡ ይከጅላል። ፍላጎቱ ቅን ነው፤ የሚጎዳው ግን ራሷን ሴትየዋን ነው። አሠሪዋ ንግግሩን ሰምቶ «የታለ?» ቢላት መልስ ታጣለች። እኩል ክፍያ ጠንካራ መሠረት ያለው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ነው፤ በመሬት የመጠቀም እኩል መብትም እዚያው አለ። «ንግግሩ ይህን አለ፤ ሕጉ ደግሞ ይህን ይላል» ብሎ ለየብቻ የነገራት ሰው የምትይዘው ነገር ሰጥቷታል።

ከንግግሩ በኋላም ሆነ በፊት የሆነውን ንግግሩ ውስጥ መክተትም ያው ጥፋት ነው። መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት በሳምንቱ፣ ጥቅምት 22 ቀን ነው። ግማሾቹ ሴቶች የሆኑት ሚኒስትሮች ደግሞ የተሾሙት ከንግግሩ በፊት፣ ጥቅምት 6 ቀን ነበር። አስረጂው ሁለቱንም ሊያነሣ ይችላል፤ ግን በየቀናቸው፣ በራሱ ድምፅ።