ያለ ስኳር የሚቆም ስፕሪስ

መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ሃያ ሁለት ማዞሪያ የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ጥላ ነው፤ ቀጥሎ የሚጠጣ ነገር። ጾም ነው፤ ማኪያቶ የለም። ከጎላጉል ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት ጁስ ቤቶች ማንጎውን ደርድረው፣ ፓፓያውን ለሁለት ሰንጥቀው ሆዱን ለመንገደኛ እያሳዩ ይውላሉ። የአውሮፓ ሰው በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት በፍሬ ኮክቴል ይሠራል። እኛ ሐምሌ ላይ ጃኬት ደርበን ዝናብ እናዳምጣለን። የኛ ሙቀት ከሁዳዴ ጋር ይመጣል፣ ኮክቴላችንም ስፕሪስ ነው።

ስፕሪስ ማለት ቀለሙ ሳይደባለቅ በአንድ ብርጭቆ ተነባብሮ የቆመ የፍሬ ጭማቂ ነው። ቃሉ ለሻይና ለቡናም ይውላል፤ ሁለቱ በአንድ ብርጭቆ ተነባብረው ሲቀርቡ ያም ስፕሪስ ነው። አስተናጋጁ «ምን በምን?» ይላል። «አቮካዶ በማንጎ፣ ከላይ ፓፓያ» ትላለህ፤ ሳትቆይ ይመጣልሃል። በየቀኑ ስለምናየው የእጅ ሥራ መሆኑን ረስተነዋል። እኔም ያስተዋልኩት ከምኖርበት ሕንጻ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ባለ ማዕድ ቤት ውስጥ ነው።

ጎረቤቴን እትዬ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው ጁስ ቤት ሠርተዋል፤ አሁን የሚሠሩት ለቤተሰባቸው ነው። አብረዋቸው የሚኖሩት እናታቸው፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ስኳር አለባቸው። እትዬ የስኳሩን ዕቃ ከማዕድ ቤቱ ያወጡት ለእማማ ብለው ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ለሁሉም ቀረ። «ስኳሩን ባልተው ኖሮ ፍሬውን ሳላውቀው እሞት ነበር» ብለውኛል አንድ ቀን። ይህን ያሉት ማንጎ እየላጡ፣ ቀና ሳይሉ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ሾላ ገበያ ነው። አብሬያቸው ሄጄ አይቻለሁ። ማንጎ ሲመርጡ በቀለሙ አይታለሉም፤ ቅላቱ የትኛው ጎን ፀሐይ እንዳገኘው ይናገር እንደሆነ እንጂ መብሰሉን አይናገርም። ከዛፉ ላይ የተንጠለጠለበትን ጫፍ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ያሸታሉ። ካልሸተታቸው፣ ነጋዴዋ «ማር ነው እናቴ፣ ውሰጂው!» ብትልም ይመልሱታል። ፓፓያ ላይ ብዙ አይቆዩም። አቮካዶ ላይ ግን ይቆያሉ። አንገቱ አካባቢ በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ይነኩታል እንጂ ሆዱን አይጨምቁትም፤ ሆዱን የጨመቀ ሰው ፍሬውን ለሚቀጥለው ገዢ አቁስሎት ይሄዳል። ከዚያ ጫፉ ላይ የቀረችውን ቁራጭ እንጨት በጥፍራቸው ያነሳሉ። ሥሯ አረንጓዴ ከሆነ ይገዛሉ፤ ከጠቆረ ውስጡ አልፎበታል።

አቮካዶ ለኛ የቆየ እንግዳ አይደለም። ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፤ ሐረርጌ ውስጥ ሂርና መጀመሪያ ከተተከለባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። እማማ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ አቮካዶ በዚህ አገር የኖረው ዕድሜ ከእሳቸው ብዙም አይበልጥም። በአንድ ሰው ዕድሜ ያለሱ ጾም የማይታሰብ ፍሬ ሆነ።

የተገዛው ሁሉ ዕለቱን አይፈጭም። ጥሬው አቮካዶ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር በጋዜጣ ይጠቀለላል። ሙዝ የሚተነፍሰው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ አጠገቡ ያለውንም ፍሬ ያበስላል፤ እትዬ ጋዙን በስሙ አይጠሩትም፣ ጥቅሉን በስንተኛው ቀን እንደሚፈቱ ግን አይስቱም። ማንጎውም እስኪበስል ማቀዝቀዣ አይገባም፤ ጥሬውን ብርድ ያገኘው ማንጎ እንደ ጠነከረ ይቀራል። በነዚያ ሁለት ሦስት ቀናት በማንጎው ውስጥ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል። መጠበቅ ያልቻለ ሰው የጎደለውን በማንኪያ ይጨምረዋል። የስኳሩ ነገር በሙሉ ከዚህ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ፤ ስኳር የሚገባው የመረጣና የመጠበቅ እውቀት ካለቀበት ቦታ ነው።

ሲፈጩ ቅደም ተከተል አላቸው። መጀመሪያ ፓፓያ፣ ቀጥሎ ማንጎ፣ መጨረሻ አቮካዶ። ወደ ብርጭቆው ሲገባ ግን አቮካዶ ይቀድማል። ይህ መጀመሪያ ግር አሰኝቶኝ ነበር። ኋላ ገባኝ፤ አቮካዶ ከተከፈተ በኋላ አየር ሲያገኘው ይጠቁራልና ሳይዘገይ መግባት አለበት፤ ፓፓያውና ማንጎው ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ በቆዩ መጠን ይወፍራሉ። ያ ውፍረት ደግሞ ያስፈልጋል።

ብሌንደሩ ውስጥ ውሃ ላለመጨመር የሚያደርጉት ያየውን ሰው ያስደንቃል። በብዙ ጁስ ቤት ውሃ የሚጨመረው ምላጩ እንዲዞር ነው። ውሃው ጣዕሙን ያሳሳዋል፤ የሳሳውን ጣዕም ለመመለስ ስኳር ይገባል። እትዬ ፍሬውን በትንንሹ ይቆርጣሉ፣ ጥቂት በጥቂት ይጨምራሉ፣ በየመሀሉ ያጠፉና ጎን ላይ የተጣበቀውን በእንጨት ማንኪያ ያወርዳሉ። የብሌንደሩን ድምፅ ያዳምጣሉ፤ ባዶውን ሲጮህ ምላጩ አየር ይዞ እየዞረ ነው፣ ያጠፉታል። ለአቮካዶው ብቻ አንድ ሲኒ የማይሞላ ቀዝቃዛ ውሃና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ይገባል። ሎሚው አቮካዶው እንዳይጠቁር ይይዘዋል። ማንጎው በወንፊት ያልፋል፤ ክሩ ከቀረበት ሲፈስ እየተንጠለጠለ መስመሩን ያበላሻል።

ከዚያ ብርጭቆው። ረጅም፣ ባለ እግር፣ ቀደም ብሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ የቆየ። አቮካዶው በማንኪያ ይገባል። እትዬ እጥፍጥፍ ፎጣ ጠረጴዛው ላይ አንጥፈው የብርጭቆውን እግር ሦስት ጊዜ ቀስ አድርገው መታ መታ ያደርጉበታል፤ የታፈነው አየር ይወጣል፣ ፊቱ እንደ ውሃ ልክ ይስተካከላል። ንጹሕ ጨርቅ በማንኪያ እጀታ ላይ ጠቅልለው ከአቮካዶው በላይ ያለውን የብርጭቆ ግድግዳ በውስጥ በኩል ዙሪያውን ይጠርጋሉ። አንድ አረንጓዴ ጠብታ አይቀርም። ማንጎው ሲገባ ማንኪያውን ገልብጠው ጫፉን ከብርጭቆው ጎን ያስጠጉና በጀርባው ላይ ያፈስሱታል፤ ማንጎው አቮካዶውን አይመታውም፣ ግድግዳውን ተከትሎ ወርዶ ይተኛበታል። እንደገና ፎጣ፣ እንደገና ጨርቅ። ከዚያ ፓፓያ፣ ከሁሉ በላይ ዘይቱን ካለ እንደ ጣት ስፋት ያህል።

እንደ ክብደት ቢሆን አቮካዶ ከታች አይቆምም ነበር። ቅባት ያለው ፍሬ ስለሆነ ይቀላል፤ ስኳር የያዘው ማንጎ ይከብዳል። ከባዱ ቀላሉ ላይ ተቀምጦ የማይሰምጠው ሁለቱም ወፍራም ስለሆኑ ነው። ውሃ የገባበት ስፕሪስ ከጁስ ቤቱ መስኮት እስከ ጠረጴዛው ሳይደርስ መሀሉ ቡናማ የሚሆነው ለዚህ ነው። የእትዬን ብርጭቆ ሰዓት ይዤ ተመልክቼዋለሁ። ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ በአረንጓዴውና በቢጫው መካከል ያለው መስመር በቢላ የተቆረጠ ይመስል ነበር። ያለ ስኳር መሥራት ያለ ውሃ መሥራትን ያስገድዳል፤ ያለ ውሃ የተሠራ ደግሞ ይቆማል። በጤና ምክንያት የተጀመረው ነገር መልኩንም አሳመረው።

ሎሚውን ከመቁረጣቸው በፊት በመዳፋቸው ጠረጴዛ ላይ ያንከባልሉታል፤ ጭማቂው እንዲላቀቅ። ጥቂት ጠብታ ከላይ፣ ግማሹ በሰሐን ከጎን። ፓፓያው ውስጥ ደግሞ በሁለት ጣት የተቆነጠረች ጨው አለች። ስጠይቃቸው «ጨው ጣፋጩን ትጠራዋለች፤ ሞክረው ልጄ» አሉኝ። ሞክሬዋለሁ፤ የተናገሩት እውነት ነው፣ ፓፓያ ያላትን ትንሽ መራራነት ጨው ስታለዝበው ጣፋጩ ወደፊት ይወጣል።

ፍሬ የራሱ ስኳር አለው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በ100 ግራም ማንጎ ውስጥ 14 ግራም ገደማ፣ በፓፓያ 8 ገደማ፣ በአቮካዶ ደግሞ 1 ግራም የማይሞላ ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ከጭማቂ የሚገኘውንም ስኳር በማንኪያ ከሚጨመረው ጋር ይቆጥረዋል፤ ለአዋቂ በቀን ከ25 ግራም፣ ማለትም ከስድስት የሻይ ማንኪያ፣ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። የእትዬን ብርጭቆ አሰላሁት፦ 150 ግራም አቮካዶ፣ 100 ፓፓያ፣ 50 ማንጎ። ወደ 16 ግራም ይመጣል። ማንጎውን እጥፍ አድርጎ በላዩ ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው ከ30 በላይ ይደርሳል፤ ከላይ የሚፈስሰው ቪምቶ ሳይቆጠር። ለእማማ የሚቀርበው ግን ትንሽ ብርጭቆ ነው፤ አቮካዶ በሎሚ፣ ማንጎ የለበትም፣ ከላይ አንድ ማንኪያ ፓፓያ ለመልኩ ብቻ። እማማ ቀለሙን ሳያዩ አይጠጡም።

አንድ ጊዜ እዚሁ ሰፈር ከአንድ ጁስ ቤት «ያለ ስኳር» ብዬ አዝዤ፣ ስቀምሰው ጣፋጩ ጥርሴን ነካው። ስጠይቅ «ትንሽ ናት፣ ያለሷ አይጣፍጥም» ተባልኩ። ሠራተኛው ክፉ ሰው አልነበረም። የያዘው ማንጎ ጥሬ ነበር፤ ጥሬ መሆኑንም ያውቃል። ያኔ የተናደድኩት በስኳሩ ነበር፤ አሁን የሚያሳዝነኝ ያ ማንጎ ሁለት ቀን አለመጠበቁ ነው።

እንግዳ ሲመጣ እትዬ ሌላም ያዘጋጃሉ። ብዙ ቤት ለጨዋታ ቢራ፣ ወይንና ስፕራይት ተቀላቅሎ ቱርቦ ይሠራል፤ የለስላሳው ስኳር ራስ ያዞራል። የእትዬ ቀለል ያለ ነው፦ ሀባብ ተፈጭቶ በወንፊት ይወርዳል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ሁለት ሦስት ቅጠል ናና በእጅ ተጨብጦ ሽታው ሲወጣ ይገባል፣ ከላይ አምቦ ውሃ። ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠርሙስ ሲሸጥ የኖረው አምቦ ውሃ ጋዙ የራሱ ነው፣ ስኳር የለውም። አምቦው መጨረሻ ላይ፣ ብርጭቆው ዘንበል ተደርጎ፣ በቀስታ ይገባል፤ ማንኪያ አይነካውም። የሚጠጣ እንግዳ ከሆነ ሀባቡ ላይ ነጭ ወይን ይጨመርለታል። እኔ ያለ ወይኑ እመርጠዋለሁ።

ስፕሪሱም ሲበላ አይማሰልም። እትዬ በዚህ አይደራደሩም። ማንኪያው ከጎን በኩል ቀጥ ብሎ እስከ ታች ይወርድና ሁሉንም ቀለም ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ የሎሚው ስለት፣ ከዚያ የፓፓያው ልስላሴ፣ የማንጎው ሽታ፣ በመጨረሻ አፍ ውስጥ የሚቆየው የአቮካዶ ቅባት። እንዲህ የተሠራ ስፕሪስ በላሁና የስኳሩን ማንኪያ አላስታወስኩትም።

ሃያ ሁለት ከሆናችሁ፣ ወይም የትም፣ በዚህ ጾም ጁስ ቤት ስትገቡ «ያለ ውሃ፣ ያለ ስኳር» ብላችሁ እዘዙ። ቢቆይባችሁ ታገሡ። ከመቀመጫችሁ ተነሡና የሠሪውን እጅ ተመልከቱ፤ ብርጭቆውን በጨርቅ ሲጠርግ ካያችሁት፣ ሥራው ማማሩን እዚያው ንገሩት።