የጥጥ በረዶ በብራና ላይ

ሐያሲ የሚገባባቸው ቤቶች የታወቁ ናቸው፤ ቴአትር ቤት፣ የሥዕል አዳራሽ፣ አንዳንዴም ቤተ መዘክር። የሱቅ መስኮት ግን እስከ ዛሬ ሐያሲ አላገኘም። እንዲያው ለነገሩ፣ ከአዲስ አበባ ሕዝብ ስንቱ ነው የሥዕል ትርኢት ገብቶ የሚያይ? በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ወይም ቁልቁል ወደ ፖስታ ቤት ሲወርድ የአንቲካ ሱቆቹን ቬትሪና ሰረቅ አድርጎ ሳያይ ያለፈ የከተማችን ሰው ግን ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን ስለ አገራችን ያለፈ ዘመን ሳንከፍል ያየነው ትርኢት ይኸው ነው። ስለዚህ እነዚህ ሱቆች በገና ሰሞን ሲያጌጡ ምን እንደሚመስሉ፣ ጌጡስ ለዕቃው ምን እንደሚያደርግለት ልጽፍ ካሰብሁ ቆይቻለሁ። ጽሑፉ የዘገየው በስንፍና ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የሰጠሁት ፍርድ ተገልብጦብኝ ነው።

ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነው። ዋሽንግተን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝና፣ «ያኔ እንደላክህልኝ ያለ የብራና ሥዕል አንድ ግዛልኝ፤ ለገና ለጓደኛዬ የምሰጠው» አለችኝ። ያኔ የላክሁላት አንድ ቅጠል ብራና ነበር፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበት። ከስድስት ዓመት በፊት ገዝቼ፣ በሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ በሸሚዝ መሐል አስቀምጬ ሰደድሁላት። አሁን ሳሎኗ ውስጥ በመስታወት ተሰቅሏል። እኔም ትእዛዙንና የጽሑፌን ሐሳብ አንድ ላይ ይዤ ታኅሣሥ 16 ቀን፣ ፈረንጆቹ ገናቸውን በሚያከብሩበት ዕለት፣ ከቤቴ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ሱቅ ቸርችል ጎዳና ላይ ነበር። ውጭ የታኅሣሥ ፀሐይ አናት ይበሳል፤ ቬትሪናው ውስጥ በረዶ ጥሏል። በረዶው የፋርማሲ ጥጥ ነው። በጥጡ መሐል ከቻይና የመጣ የፕላስቲክ ጥድ ቆሟል፤ ቀይና አረንጓዴ አምፖሎች ብልጭ ድርግም ይሉበታል። ጌጥ በሚንጠለጠልበት ቅርንጫፍ ላይ የአንገት መስቀሎችና የማርያም ቴሬዛ ብር የተሰካባቸው ድሪዎች ተንጠልጥለዋል። ከጥዱ ሥር ጀበና፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ሁለት በርኩማ፣ አንድ ጋሻ። ይህ ሁሉ ይቻላል። ያልቻልሁት ከጥግ የቆመውን የኮንሶ ዋካ ነው። የገና አባትን ቀይ ቆብ ደፍተውለታል!

ዋካ የቤት ጌጥ አይደለም። ኮንሶዎች ለሞተ ጀግና ከእንጨት ጠርበው የሚያቆሙለት መታሰቢያ ነው። ጀግናው መሐል ይቆማል፤ ሚስቶቹ፣ የገደላቸው ጠላቶች፣ አንዳንዴም የጣለው አውሬ ከጎኑ ይሆናሉ። ስለዚህ አንድ ዋካ ብቻውን ሲቆም ከቤተሰብ ፎቶግራፍ ላይ በመቀስ ተቆርጦ እንደወጣ ፊት ነው። የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ከእርከኖቹና በድንጋይ ካብ ከታጠሩት መንደሮቹ ጋር እነዚህም ምስሎች ተቆጥረዋል። ከመቃብር ላይ እየተነቀሉ ለአንቲካ ገበያ መዋላቸውም የቆየ ስሞታ ነው። እዚያው እንደቆምሁ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ «ይህ ቬትሪና በሙታን ላይ መሳለቂያ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ቁጣዬ ደስ ብሎኝም ነበር፤ አልደብቅም።

ሻጯ ወጣት ናት። «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፤ ማየት አይከፈልበትም» አለችኝ። ገባሁና ዋካው ከየት እንደመጣ ጠየቅኋት። ሳቀች። «እሱማ አዲስ ነው። ጠራቢው እዚሁ አዲስ አበባ ነው ያለው። ጥቁረቱ የጫማ ቀለም ነው፤ ያሽትቱት።» አሸተትሁ። እውነትም የጫማ ቀለም! «ፈረንጆቹ ሲጠይቁኝ አዲስ ነው እላቸዋለሁ፤ አያምኑኝም። ፖሊስ ፈርቼ የምዋሽ ይመስላቸዋል።» ጋሻውም፣ መስቀሎቹም እንደዚያው አዲስ ነበሩ። ከብሮቹ በቀር በዚያ ቬትሪና ውስጥ ከሻጯ ዕድሜ የሚበልጥ ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ሱቅ ፒያሳ፣ ባንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። ደብተሬ ላይ ሁለት ገጽ ሙሉ ያሞገስሁት ይህንን ነው። ጥጥ የለም፤ የፕላስቲክ ዛፍ የለም። ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ቬትሪናው ውስጥ ነጭ ነጠላ ተነጥፎ ሦስት ነገር ብቻ ተቀምጦበታል፤ አንድ የገና ዱላ ከነሩሩ፣ አንድ ጸናጽል፣ አንድ መቋሚያ። ከበላያቸው በጥቁር እንጨት ፍሬም የልደት ሥዕል ያለበት የብራና ቅጠል ተሰቅሏል። ከውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ጧፍ ይነድዳል።

የጥጡ ሱቅ ገናን ከሌላ ቦታ አምጥቶ በዕቃው ላይ ጭኖበታል፤ ይኸኛው ገናን ከዕቃው ውስጥ ነው ያወጣው። ታኅሣሥ 28 ማታ በየደብሩ ከበሮ ሲመታ፣ ካህናቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሌሊቱን ሲያነጉት፣ ያ ጸናጽል ሥራ ላይ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የተጾመው ለዚያ ሌሊት ነው። ዱላውም በማግሥቱ ሜዳ ላይ ይውላል። አቀማመጡ ራሱ ዕውቀት አለበት፤ ጸናጽሉ ለተመልካች ታይታ ተብሎ አልቆመም፣ ካህኑ ሊያነሣው እጁን እንደሚዘረጋበት ሆኖ ነው የተኛው። በቤተ መዘክር እንኳ እንዲህ ያለ አደራደር አላየሁም። (ቤተ መዘክር ዕቃውን መስታወት ውስጥ ቆልፎ «ጸናጽል» ብሎ ይጽፍበታል። ጸናጽል መሆኑንማ እናውቃለን።)

ባለሱቁ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ናቸው። የብራና ሥዕል እንደምፈልግ ስነግራቸው መሳቢያ ሳቡና ዐሥራ አምስት ያህል ቅጠሎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ባንድ እግራቸው ቆመው፣ እመቤታችን ከነልጇ፣ ልደት ከነላሙና ከነአህያው። «የትኛውን ልጠቅልልልህ፣ ልጄ?»

አንዱን የልደት ሥዕል አንሥቼ ወደ ጧፉ አስጠጋሁት። ከሰማያዊው ቀለም ሥር፣ በመልአኩ ክንፍ መሐል፣ ፊደል አለ።

በልጅነቴ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜአለሁ። የዳዊት ገጽ ከሩቅ ይታወቃል። ሌላው መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓምድ ሲጻፍ መዝሙሩ ግን ባንድ ዓምድ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ስንኝ የራሱ መስመር ስላለው የቀኙ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ገባ ወጣ ይላል። ዐሥር ዐሥሩ መዝሙር አንድ «ንጉሥ» ይባላል፤ የንጉሡ መጀመሪያ ላይ ሐረግ ይሣልበታል። በእጄ የያዝሁት እንዲህ ያለ የንጉሥ መጀመሪያ ነበር። ሠዓሊው ሐረጉን ትቶታል፤ ጽሕፈቱን ግን በቀለም ሸፍኖ በላዩ ላይ በግርግም የተኛ ሕፃን ሥሎበታል። ሐረጉ የጥንት መልክ ይሰጥለታላ!

«ጋሼ፣ ጽሕፈቱ እኮ...» ብዬ ጀመርሁ።

«ጽሕፈቱን ማን ያነበዋል?» አሉኝ፤ ቁጣ የለባቸውም። «ጽሕፈት ብቻውን ቢሆን ገዢ የለውም። ሥዕል ካለው ይሄዳል። ደግሞ ልንገርህ፤ ይህ መጽሐፍ ወደ እኔ ሲመጣ ግማሹን አይጥ በልቶታል። እኔ ባልገዛው እሳት ይገባ ነበር። አሁን በየሰዉ ቤት በክብር ተሰቅሏል።»

ይህ ክርክር እንዲሁ የሚጣል አይደለም። በዝናብና በቃጠሎ ስንት መጽሐፍ እንደጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። የቅጠሉ ጠርዝ ግን ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነበር። አይጥ እንዲህ አድርጎ አይቆርጥም። ምላጭ ነው። ይህን ልናገር ይገባኝ ነበር፤ አልተናገርሁም። «እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ሥዕሎቹን እንደ ሥዕል ካየናቸው መጥፎ አይደሉም። ዓይኖቹ ትልልቅና ንቁ ናቸው፤ የልብሱ እጥፋት በለመደ እጅ የተሰመረ ነው። ይህ ሠዓሊ አዲስ ብራና ቢሰጡት ስሙን የሚጽፍበት ሥራ ይሠራ ነበር። አሁን ግን ስሙን ሊጽፍ አይችልም። ስም ካለበት ሥዕሉ አዲስ ነው፤ አዲስ ከሆነ ደግሞ ያን ዋጋ የሚከፍል የለም። ስለዚህ ባንድ ቅጠል ላይ ሁለት ሰው ይጠፋል፤ ከታች ጸሐፊው፣ ከላይ ሠዓሊው። ጸሐፊው የፍየል ቆዳ ወጥሮ፣ ፍቆ፣ በወስፌ አስምሮ፣ ከጥላሸት ቀለም በጥብጦ፣ በመቃ ብርዕ ወራት የፈጀ ሰው ነው። አንዱ ፍሬም ውስጥ ይታያል፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሌላው አይታይም።

አገራችን ለትልቅ ስርቆት መጮኽ ታውቅበታለች። በ1989 ዓ.ም. የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል ሲሰረቅ ስንት ተባለ፣ ከቤልጅግ ሲመለስስ ስንት እልል ተባለ! በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ስለወሰደውም እስከ ዛሬ እንጠይቃለን፤ ይገባናልም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሙሉ መጽሐፍ ፍተሻ ላይ ዓይን ይገባል። ቅጠል ግን በሸሚዝ መሐል ያልፋል። (ማን እንዳሳለፈው አንባቢ ያስታውሳል።) በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በሺሕ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ ተነሥተዋል፤ እነ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌም በሚኒሶታ ተቀምጠው የብዙዎቹን ይዘት መዝግበዋል። ከእነዚያ አንዱ ቅጠል ቢጎድልበት የሚመሳከርበት አለ። በማኅደር ሆኖ በትከሻ የሚንጠለጠለው፣ ከአያት ለልጅ ልጅ የሚወረሰው የተራ ሰው ዳዊትስ? እሱን ማን ቆጥሮት?

እንግዲህ ደብተሬ ላይ ያለውን ፍርድ ምን ላድርገው? የጥጡ ሱቅ አስቀያሚ ነበር፤ ዛሬም ቃሌን አልለውጥም። አስቀያሚነቱ ግን ስላስቆጣኝ ጠየቅሁ፤ ስለጠየቅሁም እውነቱ ተነገረኝ። የፒያሳው ውበት አፌን ዘጋው። ቄጠማውን ረግጬ፣ የጧፉ ሽታ ሲያውደኝ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ ያህል ተሰማኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ደግሞ «ይህን ከየት አመጣችሁት?» የሚል የለም። ሽማግሌው ይህን አስበው ነው ያደረጉት አልልም። ነገሮቹን ከልባቸው ይወዷቸው ነበር፤ ጸናጽልን እንዲያ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሰው ሳይወድ አይደለም። ያው ሰው ምላጭ የያዘ እንደሆነ ግን ሐያሲው ምን ይበል? ስለ አደራደር የማውቀው ሁሉ እዚህ ላይ አልረዳኝም።

ያ ቤት ዛሬ የለም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ አብሮ ፈረሰ። ያ መሳቢያ ወዴት እንደሄደ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «እንጃ» ነው ያለኝ።

የአክስቴን ልጅ ትእዛዝ የፈጸምሁት ከጥጡ ሱቅ ነው። አንድ አዲስ የእንጨት መስቀል ገዛሁ። ልጅቷ የዋካውን ቆብ ጨምራ ልትመርቅልኝ ነበር፤ በሳቅ አለፍነው። ማታ ዋሽንግተን ደወልሁና መስቀል መግዛቴን ነገርኋት። ቀጥዬም ግድግዳዋ ላይ ያለውን ብራና አውርዳ፣ ከፍሬሙ አውጥታ፣ ከቅርብ ፎቶግራፍ አንሥታ እንድትልክልኝ ለመንኋት። «ምነው፣ የውሸት ነው እንዴ?» አለች ደንገጥ ብላ። «ኧረ የውሸት አይደለም» አልኋት።

ፎቶግራፉ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደረሰኝ። ፍሬሙ ሸፍኖት በነበረው የታችኛው ጠርዝ ላይ ሥዕሉ ያልደረሰበት መስመር ተኩል ጽሕፈት ቀርቷል። መጨረሻው በቀይ ቀለም ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጸሐፊው የመጽሐፉን ባለቤት የክርስትና ስም ያስገባል። ቀዩ «ወለተ» ይልና የሚቀጥለው ቃል ላይ የእመቤታችን ቀሚስ ይጀምራል።

«ምን ይላል?» አለችኝ የአክስቴ ልጅ።