ከጽኑ ሕመም ድነናል የሚሉ ተጽዕኖ ፈጣሪዎችና የሕዝብ አቀባበል

ከጽኑ ሕመም የዳነ፣ ወይም ድኛለሁ የሚል፣ የታወቀ ሰው ታሪኩን ለአደባባይ ባወጣ ጊዜ የሚመሰገነውም የሚወቀሰውም ተናጋሪው ብቻ ነው። ሰሚው ሕዝብ ምን እንዳለ፣ ለምን እንዲህ እንዳለና ያለውም ነገር ምን ፍሬ እንዳስከተለ ግን ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ያልፋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንሞክረው ይህን ሁለተኛውን ወገን መመርመር ነው። አሳባችንም ባጭሩ የሚከተለው ነው፤ ሕዝብ ለታመመ ሰው የሚያሳየው ርኅራኄ መልካም ቢሆንም፣ ማመዛዘን የተለየው ርኅራኄ ለሌላ ሕመምተኛ የሞት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ርኅራኄ የተለየው ማመዛዘንም በእውነት የታመመውን ሰው ያቈስላል።

ተጽዕኖ ፈጣሪ ስንል በኢንስታግራም፣ በዩቲዩብና እነዚህን በመሳሰሉ ማኅበራዊ መገናኛዎች ስለ ኑሮው በየጊዜው እየተናገረ ብዙ ተከታይ ያፈራ ሰው ማለታችን ነው። ይህ ሰው ከጋዜጠኛ ወይም ከተዋናይ የሚለየው ተከታዮቹ እንደ ወዳጅ ስለሚቈጥሩት ነው። ሲታመም ወዳጅ እንደ ታመመባቸው ያዝናሉ፤ ሲድንም ወዳጅ እንደ ዳነላቸው ይደሰታሉ። ነገር ግን ይኸው ወዳጅ አንዳንድ ጊዜ መጽሐፍም፣ ምግብም፣ ምክርም ይሸጥላቸዋል። የነገሩ ችግር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ ከወዳጅ ቃል ማስረጃ መጠየቅ ነውር ይመስላልና።

ለምርመራችን ከአውስትራሊያ፣ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ አራት ሰዎችን መርጠናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የመጀመሪያዪቱ ጄሲካ ኤንስኮ የተባለች አውስትራሊያዊት ናት። በ2008 በ22 ዓመቷ በግራ ክንዷ ላይ ኤፒተሊዮይድ ሳርኮማ የተባለ ብዙ ጊዜ የማይገኝ የካንሰር ዓይነት ተገኘባት። ሐኪሞች ክንዷ ከትከሻው እንዲቈረጥ ሲመክሯት እርስዋ እምቢ ብላ ገርሰን የተባለውን በአትክልት ጭማቂና በቡና ሑቅና የሚደረግ ዘዴ መረጠች፤ ታሪኳንም እየጻፈች እጅግ ብዙ ተከታይ አፈራች። ሕዝቡ ዓመት በዓመት በሕይወት መኖሯን እያየ «እነሆ ዘዴው ይሠራል» አለ። ነገር ግን ይህ የካንሰር ዓይነት ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለ ሆነ፣ አንድ ሰው ጥቂት ዓመታት በሕይወት መቈየቱ ብቻ የዘዴውን መሥራት አያስረዳም። በጡት ካንሰር የታመመች እናቷም ያንኑ ዘዴ ተከትላ በ2013 ሞተች። ጄሲካ ራስዋ በ2014 መጨረሻ ላይ ከብዙ ዝምታ በኋላ ብብቷ ለአሥር ወራት ያህል ያለማቋረጥ ሲደማ እንደ ነበረ ገለጸች፤ በየካቲት 2015ም በ29 ዓመቷ ዐረፈች።

በዚህች ልጅ ላይ ለመፍረድ አንደፍርም። ክንድን የሚያህል ነገር ለማጣት የታዘዘች የ22 ዓመት ወጣት መፍራቷ የሰው ጠባይ ነው። የምንነቅፈው የሕዝቡን አቀባበል ነው። ሕዝቡ የፈለገው የድል ታሪክ ብቻ ነበር፤ የድል ታሪክ ብቻ በሚፈለግበት ጉባኤ ፊት ደግሞ «ዛሬ ብሶብኛል» ማለት እጅግ ይከብዳል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እኛ ደግሞ የምንጨምረው፣ ሕመምተኛው በሽታውን የሚደብቀው አንዳንድ ጊዜ በገዛ ፈቃዱ ሳይሆን በአድናቂዎቹ ብዛት ተገድዶ ሊሆን እንደሚችል ነው።

ሁለተኛዪቱ ቤል ጊብሰን የምትባል ሌላ አውስትራሊያዊት ናት። ይህች ሴት በአንጎሏ ውስጥ የማይድን ካንሰር እንዳለባት፣ የሐኪም ሕክምና ትታም በምግብ ብቻ ራስዋን እያዳነች እንደ ሆነ ትናገር ነበር። በ2013 ለስልክ የሚሆን የምግብ አዘገጃጀት መተግበሪያ አወጣች፤ በ2014 ደግሞ ፔንግዊን የተባለው ታላቅ አሳታሚ የሐኪም ማስረጃ ሳይጠይቅ መጽሐፏን አሳተመላት። በመጋቢት 2015 ዘ ኤጅ የተባለው የሜልበርን ጋዜጣ ለበጎ አድራጎት ትሰጣለች የተባለው ገንዘብ ለድርጅቶቹ እንዳልደረሰ ገለጸ፤ በሚያዝያም ሴትዮዋ ታምሜአለሁ ማለቷ ሁሉ ሐሰት እንደ ነበረ በራስዋ አፍ አመነች። በ2017 የአገሪቱ ፌዴራላዊ ፍርድ ቤት ሕዝብን አሳስታለች ሲል ፈርዶ 410,000 የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ጣለባት። አሳታሚውም 30,000 ዶላር እንዲከፍል ሆኗል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ ሊያስደንቀን የሚገባው ማታለሏ አይደለም፤ አታላይ በየዘመኑ አለ። የሚያስደንቀው ማታለሉ የተገለጠበት በር ነው። የተያዘችው በሕክምናው በኩል ሳይሆን በገንዘቡ በኩል ነው። የአንጎል ካንሰር በምግብ ይድናል ስትል ጥቂቶች ቢጠራጠሩም ብዙዎች አጨበጨቡ፤ ገንዘቡ የት ገባ የሚል ጥያቄ ሲነሣ ግን ሁሉም ነቃ። ከዚህ እንደምንረዳው ሕዝቡ መጠየቅ አልተሳነውም፤ ሰው ሂሳብ እንዲያሳይ መጠየቅ እንደ ጨዋነት፣ ሕመሙን እንዲያስረዳ መጠየቅ ግን እንደ ጭካኔ ስለ ተቈጠረ ነው። ከተጋለጠችም በኋላ የሕዝቡ ቍጣ በእርስዋ ላይ ብቻ ወረደ። ያጨበጨበው ሕዝብ፣ ሽልማት የሰጡት መጽሔቶችና ያተረፈው ነጋዴ ግን «እኛስ ለምን አመንን?» ብለው ራሳቸውን ሲመረምሩ ብዙም አልታየም።

የዚህ ጕዳት በስድብና በቅጣት የሚያልቅ አይደለም። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ያልተዛመተ የጡት፣ የፕሮስቴት፣ የሳንባ ወይም የአንጀት ካንሰር ኖሮባቸው የተለመደውን ሕክምና ትተው ሌላ ዘዴ ብቻ የመረጡ 281 ሰዎችን ተመልክተዋል። እነዚህ ሰዎች የተለመደውን ሕክምና ከወሰዱት ጋር ሲመዛዘኑ የመሞት አደጋቸው 2 ተኩል እጥፍ፣ በጡት ካንሰር ደግሞ ከ5 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ በአንድ የድል ታሪክ ሥር የሚሰጥ «ተባረኪ፣ እኔም ዛሬውኑ መድኃኒቴን እተዋለሁ» የሚል መልስ ተራ የምስጋና ቃል አይደለም። ከድነው የሚናገሩትን ብቻ ስለምንሰማ፣ በዚያው መንገድ ሄደው የሞቱት ምስክርነት እንደማይሰጡ እንረሳለን።

ሦስተኛው አሜሪካዊው ሃንክ ግሪን ነው። ይህ ሰው ከወንድሙ ከጆን ጋር ከ2007 ጀምሮ በዩቲዩብ የታወቀና ሳይንስን ለወጣቶች በማስተማር የተመሰገነ ነው። በግንቦት 2023 ሆጅኪን ሊምፎማ የተባለ የካንሰር ዓይነት እንደ ያዘው አስታወቀ። ከሁሉ አስቀድሞ የገለጸውም ይህ ዓይነት በሕክምና በደንብ ከሚረዱት አንዱ መሆኑን ነው። የኬሞቴራፒ መድኃኒት ወሰደ፤ በነሐሴም የበሽታው ምልክት መጥፋቱን ገለጸ፤ በ2024 ስለዚሁ ሕመም የቀልድ ትርኢት አቀረበ። የዚህ ሰው ተከታዮች ደስታቸውን ሲገልጹ የሚያመሰግኑበት ነገር ግልጽ ነበር፤ ሐኪሞች፣ ለብዙ ዓመታት የተካሄደ ምርምርና መልካም ዕድል። ተናጋሪው የመዳኑን ምክንያት በትክክል ሲናገር ሰሚውም ምስጋናውን በትክክለኛው ቦታ ያኖራል።

ይሁን እንጂ በዚህም ላይ አንድ ነቀፌታ አለን። ሐኪሞች «የበሽታው ምልክት አይታይም» ሲሉ ሕዝቡ «ዳነ» ብሎ ይሰማል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ምልክቱ ጠፍቶ በሽታው የሚመለስበት ጊዜ አለና፣ ሰውየው ለብዙ ዓመታት እየተመላለሰ ይመረመራል። ሕዝቡ ግን በዓሉን አክብሮ ወደየቤቱ ይሄዳል። በኋላ ሕመሙ ቢመለስ ሕመምተኛው እንደ ዋሸ ወይም እንደ ደከመ ይቈጠራል።

አራተኛዪቱ ከእነዚህ ሁሉ የተለየች ናት፤ አልዳነችምና። እንግሊዛዊቱ ዴቦራ ጄምስ የምክትል ርእሰ መምህርነት ሥራ የነበራት ስትሆን፣ በ2016 መጨረሻ በ35 ዓመቷ የአንጀት ካንሰር ተገኘባት። ከዚያ ወዲያ ሰው የሚያፍርበትን ይህን ሕመም፣ ስለ ዐይነ ምድርና ስለ ደም ሳይቀር፣ በግልጽ እየተናገረች ሕዝቡን አስተማረች። በግንቦት 2022 ሕክምናው ማብቃቱን ስታስታውቅ ለምርምር የሚሆን 250,000 ፓውንድ ለመሰብሰብ አስባ ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሰበሰበ፤ ኋላም ከ6 ሚሊዮን አለፈ። ሰኔ 28 ቀን 2022 በ40 ዓመቷ ዐረፈች። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት እንዳስታወቀው፣ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባሉት ወራት ለአንጀት ካንሰር ምርመራ የተላኩት ሰዎች ከ170,000 በላይ ነበሩ፤ ይህም ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት በ30,000 ያህል ይበልጣል። እንግዲህ ከአራቱ ሰዎች መካከል ሕዝብን ወደ ሐኪም ቤት እንደ ላከች በቍጥር የተመሰከረላት ያልዳነችው ናት። የሕመም ታሪክ ጥቅሙ በድል መደምደሙ ሳይሆን እውነት መሆኑ እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘንም።

ስለ ቃላትም ጥቂት እንበል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የካንሰር ሕመምተኛ ተዋጊ ነው፤ የዳነው አሸናፊ፣ የሞተው ተሸናፊ ይባላል። አሜሪካዊቱ ደራሲ ሱዛን ሶንታግ፣ ራስዋ በካንሰር ታክማ፣ ይህን ዓይነቱን የጦርነት አነጋገር በ1978 ባሳተመችው መጽሐፍ ነቅፋዋለች። ነቀፋዋም ትክክል ነው፤ መዳን ድል ከሆነ መሞት ፍርሃት ወይም ስንፍና ሆኖ ይቈጠራልና። በአማርኛ ግን ከሕመሙ ለተነሣ ሰው የምንለው «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ነው። በዚህ ቃል ውስጥ የዳነው ሰው ጀግና አይደለም፤ ምሕረት የተቀበለ ነው። ያልዳነውም ሽንፈት የለበትም። ይህን የመሰለ ቃል ያለን ሰዎች ዛሬ «ካንሰርን አሸነፈች» የሚለውን የውጭ አነጋገር ያለ ምርመራ መዋሳችን የሚያሳዝን ነው። እርግጥ የእኛም አነጋገር ጕድለት አለው፤ ምሕረትን ስናስታውስ ያከመውን ሐኪምና የዋጠውን መድኃኒት ልንዘነጋ እንችላለን። ስለዚህ ምርቃቱ ሳይቀር «ማን አከመህ?» የሚለውን ጥያቄ መጨመር ይገባል።

አንድ ተቃዋሚ «ታዲያ የታመመውን ሁሉ እንጠርጥር ትላላችሁን?» ሊለን ይችላል። አንልም። የቤል ጊብሰን ማታለል ከታወቀ ወዲህ በእውነት የታመሙትን ሁሉ «የሐኪም ወረቀትሽን አሳዪን» ማለት ሌላ ጭካኔ ይሆናል። ኢዮብን ሊያጽናኑ የመጡት ወዳጆቹ ሰባት ቀን ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን ከፍተው መዝለፍ በጀመሩ ጊዜ ግን ለቍስሉ ሌላ ቍስል ጨመሩበት። እኛ የምንለው የሕመምተኛው ንግግር ሦስት ክፍል እንዳለው ይለይ ነው። አንደኛው ስለ ሥቃዩ፣ ስለ ፍርሃቱና ስለ ደስታው የሚናገረው ነው፤ ይህን ያለ ክርክር መስማት ይገባል፤ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነውና። ሁለተኛው ስለ መዳኑ ምክንያት የሚናገረው ነው፤ ይህ ሌሎች ሰዎች ሊከተሉት የሚችሉት ምክር ስለ ሆነ በእውቀት ሚዛን መመዘን አለበት። ሦስተኛው ስለሚሸጠው ዕቃና ስለሚሰበስበው ገንዘብ የሚናገረው ነው፤ ይህ እንደ ማንኛውም ንግድ ሂሳቡ ሊጠየቅ ይገባል። በአውስትራሊያ የተፈጸመው ስሕተት ለመጀመሪያው ክፍል የሚገባው እምነት ለሁለተኛውና ለሦስተኛውም መሰጠቱ ነው። ተጠራጣሪዎች የሚሠሩት ስሕተት ደግሞ ለሦስተኛው የሚገባውን ጥያቄ በመጀመሪያው ላይ መጫናቸው ነው።

ይህን ለመለየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። በሽታውን ማን መረመረው? ከሚያወድሰው ምግብ ሌላ ምን ሕክምና ወስዷል? ምክሩን ብንከተል የሚያተርፍ ማን ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ማንም ማንበብ የሚችል ሰው በትሕትና ሊጠይቅ ይችላል። ተናጋሪው ቅን ከሆነ አይቈጣም። ሃንክ ግሪን ሳይጠየቅ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መልሷል።

ወደ ፊት የሥነ ልቡና፣ የሕክምናና የቋንቋ ተማሪዎች በኅብረት ሆነው ይህ ነገር በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ ምን መልክ እንዳለው ቢመረምሩ እጅግ ጠቃሚ ሥራ ይሆናል። በእኛም ዘንድ ከሕመማቸው ተነሥተው በስልክ መስኮት የሚመሰክሩ ሰዎች አሉ፤ ከሚሰሟቸውም መካከል በዚያው ዕለት መድኃኒቱን ለመዋጥ ወይም ለመተው የሚያመነታ ሕመምተኛ አይጠፋም። ምስጋናችንንም ጥርጣሬያችንንም ያ ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ሰው ይሰማል። መልሳችንን ስንሰጥ ልናስበው የሚገባን ስለ ታዋቂው ሰው ብቻ ሳይሆን ስለዚያም ሰው ነው።