ቀይ እስክሪብቶ

ሳስተምር በነበርኩበት ዘመን አንዲት ተወዳጅ ታሪክ ነበረችኝ። ስለ ሳንሱር የምናወራበት ሳምንት ሲደርስ በየዓመቱ አወጣትና እነግራታለሁ። ተማሪዎቼ ይስቃሉ፤ አንዳንዶቹ ከንፈራቸውን ይመጡልኛል። ታሪኳ እንዲህ ናት። በ1981 ዓ.ም. የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለአንድ የመንግሥት ጋዜጣ ስለ አያቴ መንደር ጽሑፍ ላክሁ። ጽሑፉ ወጣ። ዋናዋ ዓረፍተ ነገር ግን አልነበረችበትም። ሳንሱር ቆረጣት። በቃ፣ ይኸው ነው። በዚህች ታሪክ ስንት ዓመት ተከበርኩባት መሰላችሁ!

ይህን መጽሐፍ ሳሰናዳ፣ ጽሑፎቼን በኮምፒውተር የምትለቅምልኝ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ የመጀመሪያውስ የታለ?» አለችኝ። ወመዘክር ሄድኩ። የተጠረዙትን ጋዜጦች ስገልጥ ሁለት ቀን ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከገጹ ግርጌ ተሸጉጣ አገኘኋት። ዓረፍተ ነገሯ የለችም። ልዋሽ አልፈልግም፣ ደስ አለኝ። ማስረጃዬን አገኘሁ።

ደስታዬ የቆየው የእናቴን ሣጥን እስክከፍት ድረስ ነው። ከታች፣ የዚያን ዘመን ደብተሬ አለ፤ በውስጡም የላክሁት ጽሑፍ የካርቦን ግልባጭ። ግልባጩንና ከጋዜጣው የገለበጥኩትን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። አንድም ፊደል አልተነካም። «መሠረተ ትምህርት»ን በእሳቱ «ሰ» የጻፍኳት ስሕተት እንኳ እንዳለች ታትማለች! ታዲያ ዓረፍተ ነገሯስ? እሷ ያለችው በደብተሩ ረቂቅ ላይ ነው፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰርዛ። እስክሪብቶው የኔ፣ እጁም የኔ።

እንግዲህ የተማሪ ወረቀት ሳርም እንደኖርኩት ይችን ጽሑፍ ልረማት። ነገሩ የመንደር ምሥረታ ነው። ሸዋ ውስጥ የነበረው የአያቴ ቤት ፈርሶ፣ እንጨቱ በሸክም ተግዞ፣ በመስመር ከተደረደሩት ቤቶች መካከል እንደገና ተሠርቷል። ጽሑፌ ስለ መሠረተ ትምህርቱ ዳስ ያወራል፤ እሱ ክፍል እውነት አለው፣ አዛውንቶቹ ፊደል ሲቆጥሩ አይቻለሁ። የተሰረዘችው ዓረፍተ ነገር «አያቴ አሁን ውሃ የምትቀዳው ድሮ ከምትሄድበት እጥፍ መንገድ ሄዳ ነው» ትላለች። እንስራ፣ መንገድና አንዲት አሮጊት። በሷ ቦታ የገባችው ደግሞ «የመንደሩ ነዋሪዎች በአዲሱ ኑሯቸው ደስተኞች ሆነዋል» ትላለች። ነዋሪዎቹ እነማን ናቸው? ደስታቸውን ማን አየው? ተማሪ እንዲህ ጽፎ ቢያመጣልኝ ኅዳጉን በጥያቄ ምልክት እሞላበት ነበር። መሰረዙስ ይሁን፣ የፈራ ሰው ዝም ይላል። በተሰረዘው ላይ ውሸት እንድተክልበት ያዘዘኝ ግን ማን ነው? ማንም።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች የተመቱ መጻሕፍት ዝርዝር አለን፣ መኖሩም ተገቢ ነው። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» አለ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» አለ፤ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ከወጣ በኋላ ከገበያ ተለቀመ፣ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. የገባበት ጠፋ። በዓሉ ራሱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ በሩን ከውስጥም ከውጭም ያውቀዋል። እያወቀ ጻፈ። የኔ ጢያ ደግሞ በሩን ሳላንኳኳ ወደ ቤቴ ተመልሼ «አባረሩኝ» ማለት ሆነ። ለሠላሳ ዓመታት ራሴን በሱ ወንበር ጫፍ ላይ ሳስቀምጥ መኖሬን ሳስብ ያፍረኛል።

ቅድመ ምርመራው በ1985 ዓ.ም. በአዋጅ ተከለከለ። የኔ እስክሪብቶ ግን አዋጁን የሰማ አይመስልም። በዚህ መጽሐፍ የገቡትን ጽሑፎች መልሼ ሳነብ ያላገኘሁት «የሚመለከተው አካል» የለም! «አንዳንድ ወገኖች»፣ «በአንዳንድ አካባቢዎች»፣ «ይነገራል»፣ «ይታመናል»። ማን ነው የሚናገረው? ማን ነው የሚያምነው? ድሮ ይህን ሲነቅፉብኝ «ሰምና ወርቅ ነው» እል ነበር። ይቅር ይበለኝ። ቅኔ የሚቀኝ ሰው ወርቁን የሚቀብረው ፈልጎ የሚያገኘው እንዳለ ተማምኖ ነው። እኔ ጋ ቆፍራችሁ ቆፍራችሁ የምታገኙት ሌላ ሰም ነው።

የእህቴ ልጅ «የቱን ልጻፈው? የጋዜጣውን ወይስ የደብተሩን?» ብላ ጠየቀችኝ። የታተመውን እንዳለ፣ በእሳቱ «ሰ» ጭምር፣ የተሰረዘችዋንም ከሥሩ ጻፊ አልኳት። ጥቂት ጻፈችና ቀና ብላ፣ «እምዬ ግን ሰምታው ነበር?» አለችኝ።

ሰምታዋለች። ጋዜጣው በወጣ ሰሞን ለእረፍት ስሄድ ይዤላት ሄጄ፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ እኔው ነኝ ያነበብኩላት። እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳመጠችኝ። እንስራዋ በሩ ሥር ነበረች። ስጨርስ፣

«እሰይ የኔ ልጅ» አለችኝ። «ይሄ የሚያወራልን መንደር የት ያለ ነው?»